ውሃ የሚያጎድል ላንድ ክሩዘር፦ ቴስታታው ከመውረዱ በፊት መደረግ ስላለበት ምርመራ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የተሠራ፣ ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተርና ማንዋል ካምቢዮ ያለው ላንድ ክሩዘር አላቸው። መኪናው ከካዛንቺስ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ ሲመላለስ የሙቀት መለኪያው ከመሃል አይነቃነቅም፤ ነገር ግን በየሳምንቱ አንድ ሊትር ገደማ የቧንቧ ውሃ ይጨመርበታል። በቆመበት መሬት ላይ የሚታይ ውሃ የለም። በቅርቡ ከደጀን ሲመለሱ ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን በሚያወጣው ዳገት ላይ መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠግቶ ከመጠባበቂያው ፕላስቲክ ውሃ ገንፍሏል። የሞተር ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ነጭ ጭስ የለም፤ ጠዋት ላይ ግን መጠባበቂያው ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ይገኛል። የመጀመሪያው መካኒክ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር የሚከፍተውን ዕቃ፣ አውጥተው ጣሉት፤ ሁለተኛው «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ» አሉ (ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእርሱና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ ነው)፤ ጎረቤት ደግሞ ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት እንዲጨምሩ መከሯቸው። ጠያቂው ከሦስቱ የማንን ምክር ልስማ ይላሉ።

መልሴ፣ ለጊዜው የማንንም አይስሙ የሚል ነው። ሁለተኛው መካኒክ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም፤ የገለጿቸው ምልክቶች ከተቃጠለ ጓርኒሲዮን ጋር ይስማማሉ። ችግሩ እነዚያው ምልክቶች ከሚያፈስ የውሃ ፓምፕና ሥራውን ካቆመ የራዲያተር ክዳን ጋርም የሚስማሙ መሆናቸው ነው፤ ከእነዚህ መካከል ቴስታታ ማውረድን የሚጠይቀው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው። ቴስታታ አንዴ ከወረደ በኋላ የማቀዝቀዣውን ሥርዓት በግፊት መፈተን ስለማይቻል፣ ውሃው በየት በኩል ይወጣ እንደነበር የሚነግረን ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተከፍቶ፣ ጓርኒሲዮን ተቀይሮ፣ ተገጥሞ ካበቃ በኋላ ያው አንድ ሊትር በየሳምንቱ መጉደሉን ሲቀጥል ማየት በከተማችን ጋራዦች እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዝግ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ውሃ የሚጠፋባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወደ ማቃጠያው ክፍል ገብቶ በጭስ መውጫው በማርሚታ በኩል እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ ወይም ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ሦስተኛውን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ እንችላለን። በሳምንት አንድ ሊትር ውሃ ዘይት ውስጥ ቢገባ ኖሮ በመለኪያው ዘንግ ላይ የዘይቱ መጠን ከፍ ብሎ፣ መልኩም ወተት የገባበት ቡና መስሎ በግልጽ ይታይ ነበር። መሬት ላይ ውሃ አለመታየቱ ግን የመጀመሪያውን መንገድ አይዘጋም። በሳምንት አንድ ሊትር ማለት በቀን 140 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ ነው። ይህ መጠን ሞተሩ ግፊት ሲይዝ ብቻ ጠብ እያለ በጋለ ብረት ላይ የሚያርፍና ፋኑ እያራገበ የሚያደርቀው ከሆነ፣ መኪናው ቆሞ ሲበርድ መሬት ላይ የሚደርስ ጠብታ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ፍለጋችን እርጥበትን ሳይሆን እርጥበቱ ደርቆ የተወውን ዱካ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጣ ያለ ቅርፊት፣ ቀለም ያለው ኩላንት (ለሞተር ማቀዝቀዣ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ) ሲደርቅ ደግሞ ቀላ ወይም አረንጓዴ ያለ ቅርፊት ይተዋል።

ከሁሉ በፊት ስለ ራዲያተር ክዳን ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም በዋጋው ትንሽነት የተነሳ ማንም አይጠረጥረውም፣ እኛ በምንኖርበት ከፍታ ላይ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ብዙ ነገር በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መካከለኛው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደህና የሆነ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ጭነት ሲበዛበት ወደ 90 ዲግሪና ከዚያም በላይ መድረሱ ጤናማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚፈጥረው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ከአካባቢው አየር በላይ 0.9 ባር ግፊት እስኪደርስ ድረስ እንደማይከፈት ያመለክታል፤ ይህ ግፊት በአዲስ አበባ ከፍታ የንጹሕ ውሃን መፍያ ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ግፊት መያዝ ካቃተው ይህ የ20 ዲግሪ ትርፍ ይጠፋል፤ በከተማ ውስጥ ምንም ሳይታወቅ ይከርምና ረጅም ዳገት ላይ ይገነፍላል። የዓባይ ዳገት ደግሞ ለዚህ የሚመች ነው። ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ ሞተሩ ከቆላው ሙቀት ተነስቶ በዝቅተኛ ማርሽ እየለፋ በሄደ ቁጥር የአየሩ ግፊት እየቀነሰ፣ ውሃው የሚፈላበትም ዲግሪ አብሮ እየወረደ ይመጣል። ሙቀቱ በተከማቸበት ሰዓት መፍያው መውረዱ ማለት ነው።

ክዳኑ ሁለተኛ ሥራም አለው፤ የእርስዎን ጥያቄ ለመፍታት ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሞተሩ ሲሞቅ የተስፋፋው ውሃ የግፊቱን ቫልቭ ከፍቶ ወደ መጠባበቂያው ይሄዳል፤ ሲበርድ ደግሞ ውሃው ስለሚኮማተር በክዳኑ መሃል ያለችው ትንሽ ቫልቭ ተከፍታ ያንኑ ውሃ መልሳ ትስባለች። ጠዋት መጠባበቂያው ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ መገኘቱ መመለሱ እየተሳካ አለመሆኑን ይናገራል። ይህ የሚሆነው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፣ ትንሿ ቫልቭ ተጣብቃ ወይም ወደ መጠባበቂያው የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ተዘግታ ወይም ተሰንጥቃ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ሥርዓቱ ሌላ ቦታ ላይ የሚያፈስ ቀዳዳ ስላለው ሲበርድ በዚያው ቀዳዳ ውሃ ሳይሆን አየር ስቦ ይሆናል። ሦስተኛው፣ ሁለተኛው መካኒክ የጠረጠሩት ነው፤ የቃጠሎ ጋዝ በጓርኒሲዮኑ ወይም በስንጥቅ በኩል ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ውሃውን ያለማቋረጥ ወደ መጠባበቂያው እየገፋው ነው።

እነዚህን ለመለየት መሣሪያ ሳይኖርዎት ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሱና ክዳኑን ሳይከፍቱ የራዲያተሩን የላይኛውን የጎማ ቱቦ ይመልከቱ። ቱቦው ወደ ውስጥ ተመጥጦ ጠፍጥፎ ከተገኘ፣ ሥርዓቱ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም፤ ውሃውን እንዳይመልስ ያደረገው ክዳኑ ወይም ቀጭኗ ቱቦ ነው። ቱቦው ቅርጹን ሳይለቅ ለስላሳ ሆኖ ከተገኘና ክዳኑ ሲከፈት ምንም የሚነፍስ ነገር ከሌለ፣ አየር በአንድ ቦታ እየገባ ስለሆነ ውጫዊ ፍሳሽ ይፈለግ። ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘ ሞተር ላይ ቱቦው አሁንም ጠንክሮ ቢገኝና ክዳኑ ሲላላ እስስ የሚል ድምፅ ቢሰማ ግን፣ ውሃው በሙቀት ሳይሆን በታመቀ ጋዝ ተወጥሮ አድሯል ማለት ነውና የመካኒኩ ጥርጣሬ ይጠነክራል። በነገራችን ላይ ክዳኑን በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ብቻ ይክፈቱ፤ በጋለ ሞተር ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ መክፈት በእንፋሎት ከመቃጠል አያድንም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የግፊት ፈተና ነው፤ ይህን የማያደርግ ጋራዥ የውሃ ፍሳሽን መረመርኩ ሊል አይገባውም ብዬ አምናለሁ። መሣሪያው በክዳኑ ቦታ የሚገጠም፣ የግፊት መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። ሞተሩ በርዶ ራዲያተሩ እስከ አፉ ከተሞላ በኋላ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት ይሰጠዋል፤ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይተዋል። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ መደረጉ አስፈላጊ ነው፤ በአንድ በኩል የላሉ የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታዎችና የደረቁ ጎማዎች የሚያፈሱት ብረቱ ተኮማትሮ ሳለ ነው፣ በሌላ በኩል በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የወጣ ውሃ ሳይተን ስለሚቆይ በዓይን ይታያል። መሣሪያው ከሌለ አሮጌ ክዳን ላይ የጎማ ቫልቭ አስበይዶ በእግር ፓምፕ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ለጎማ መንፊያ በሚያገለግለው ኮምፕሬሰር በፍጹም እንዳይሞከር። የመኪና ራዲያተር ከ1 ባር ብዙም የማይበልጥ ግፊት ለመሸከም የተሠራ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ትንፋሽ ራዲያተሩንም የጋቢናውን ማሞቂያም ሊያፈነዳቸው ይችላል። መሣሪያው ባለበት ጋራዥ ክዳኑም ለብቻው እዚያው ይፈተን፤ ከተጻፈበት ግፊት በብዙ ቀድሞ የሚለቅ ክዳን ይጣላል። ሲተካም ቁጥሩ ከፋብሪካው ጋር አንድ ይሁን፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ክዳን ያረጀውን ቱቦ ከማፈንዳት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ግፊቱ እየወረደ ከሄደ በባትሪ መብራትና በትንሽ መስታወት መፈለግ ይጀመራል። በእርስዎ መኪና ላይ መጀመሪያ የማየው የውሃ ፓምፑን ነው። በዚህ ሞተር ላይ ፓምፑ በውጪው ችንጋ የሚዞር ሲሆን፣ በዘንጉ ላይ ውሃውን ዘንጉ ከሚሽከረከርበት ኩሽኔታ የሚለይ ማኅተም አለው። ማኅተሙ ሲያልቅ የሚያልፈው ውሃ ኩሽኔታውን እንዳያበላሽ፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ በፓምፑ አካል ላይ ወደ ታች የሚመለከት ትንሽ ማስወጫ ቀዳዳ ሠርቷል። ከዚህ ቀዳዳ ሥር ከላይ ወደ ታች የተሠመረ ቅርፊት ካለ ማኅተሙ አልቋል፤ ቀዳዳውን መድፈን ደግሞ ውሃውን ወደ ኩሽኔታው ከመምራት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ማኅተሙ ቆሞ ሲፈተን ይይዛል፣ ሲዞር ብቻ ያፈሳል፤ ስለዚህ በግፊት ፈተናው ደረቅ ሆኖ መገኘቱ ፓምፑን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣውም፣ ቅርፊቱ ይታመን። ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁት፤ የሚያንቀጠቅጥ ልቀት ካለ ኩሽኔታው ሊለቅ ተቃርቧል፣ ያኔ ፋኑ ራዲያተሩን ሊበሳ ይችላልና መኪናው ባይነዳ ይሻላል።

በዚህ ዓይነቱ መኪና ላይ ብዙ መካኒኮች የሚዘሉት ሌላው ቦታ የማሞቂያው ቱቦዎች ናቸው። መኪናዎ የኋላ ማሞቂያ ካለው ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች ከሞተሩ ተነስተው ከወለሉ በታች ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በጭቃና በጠጠር የሚመቱት፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያያቸው እነርሱ ናቸው፤ የብረቱ ክፍል ይዝጋል፣ የጎማው ክፍል መጋጠሚያዎቹ ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሞተሩ በጣም ርቆ ስለሚወድቅ የዝናብ ወይም የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ተብሎ ይታለፋል። የፊተኛው ማሞቂያ ራሱ ከተበሳ ደግሞ የተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ይረጥባል፣ ማሞቂያው ሲበራ መስታወቱ በቅባታማ ጉም ይሸፈናል። ራዲያተሩን በተመለከተ፣ የላይኛው ወይም የታችኛው ክፍሉ ፕላስቲክ ከሆነ ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር የተጣጠፈበትን መስመር ዙሪያውን ይመልከቱ። በሞተሩ ብሎክ ጎን ላይ የተገጠሙት ክብ የብረት መክደኛዎችም ለዓመታት ንጹሕ ውሃ ብቻ በተጠቀመ ሞተር ላይ ከውስጥ ዝገው ይበሳሉ፤ አንዳንዶቹ ከማርሚታው ጀርባ ስለሚሸሸጉ መስታወቱ የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነው።

ግፊቱ ወርዶ፣ ውጭ ግን አንድም ጠብታ ካልታየ ወደ ውስጥ እንመለሳለን። ሥርዓቱ በግፊት እንዳደረ ጠዋት የስድስቱም ሲሊንደሮች ማሞቂያ ካንዴላዎች ይወልቁ፣ የናፍጣ ፓምፑ ማቋረጫ ሽቦ ይነቀልና ሞተሩ በማስነሻው በሞተሪኖ ብቻ ጥቂት ይዙር፤ ፊትዎን ግን ከቀዳዳዎቹ ያርቁ። ውሃ የሚተፋ ሲሊንደር ካለ ነገሩ ተቆርጧል፣ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነም ታውቋል። ይህን ሳያደርጉ፣ ሌሊቱን በግፊት ያደረን ሞተር እንዲሁ ማስነሳት አደገኛ ነው። ውሃ ስለማይታመቅ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመ ከሆነ የፒስተኑን ክንድ ያጣምማል፤ አንድ ጓርኒሲዮን የነበረው ወጪ ሞተር ወደ ማውረድ ይለወጣል።

የጋዙ መንገድ ከውሃው መንገድ ይለያል፤ አንዳንድ ስንጥቅ የቃጠሎን ከፍተኛ ግፊት እያስገባ ውሃን ግን አያስወጣም። ለዚህ ቀላሉ ፈተና በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ችንጋዎቹን አውልቆ፣ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ ያህል ማስነሳትና ነዳጅ መስጠት ነው። ችንጋ ስለሌለ ፓምፑ ውሃውን አያናውጠውም፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ የሚወጣ አረፋ ከታየ ከሲሊንደር የመጣ ጋዝ ነው። በገበያ ላይ የሚገኘው የኬሚካል ፈተናም ጠቃሚ ነው፤ ሰማያዊው ፈሳሽ በራዲያተሩ አፍ ላይ ያለውን አየር ሲስብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካገኘ መልኩን ይቀይራል። ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ሲሠራ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ አየር ስለሚስብ በጭሱ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ዝቅተኛ ነው። መልኩም እንደ ቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ብቻ ይሄዳል፣ ስለዚህም «አልተቀየረም» ተብሎ ይታለፋል። ሞተሩ በርትቶ ከሠራ በኋላ መፈተኑ ይበጃል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ለዚህ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ክዳኑን ለመክፈት ሙቀቱ እስኪወርድ መጠበቅ ግድ ነው።

ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱ በግልጽ ጋዝ ወይም ውሃ ካሳየ ቴስታታው ይውረድ፣ እኔም አልቃወምም። በዚህ ጊዜ ጓርኒሲዮኑን ብቻ ቀይሮ መመለስ አይበቃም። ቴስታታው ማሽን ቤት ሄዶ በግፊት ለስንጥቅ ይፈተን፣ ገጹም ቀጥ ባለ ብረትና በስስ መለኪያ ይለካ፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ በቫልቮቹና በቅድመ ማቃጠያው ክፍል መካከል ስንጥቅ መፈለግ የተለመደ ነው። ቀድሞ የተገጠመው ጓርኒሲዮን ውፍረት ይታወቅ፣ ቴስታታው ወይም ብሎኩ ተቆርጦ ከሆነም ፒስተኖቹ ከብሎኩ ገጽ በላይ የሚወጡበት መጠን ይለካ። የናፍጣ ሞተር ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት የሚሠራው ለዚህ ነውና «ለሁሉም የሚሆን» ተብሎ የሚሸጠውን አይቀበሉ።

ነገር ግን ከጻፉልኝ ስነሳ እኔ የምገምተው ወደዚያ እንደማይደርስ ነው። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ያለበት ሞተር በከተማ ውስጥ ለወራት መለኪያው ከመሃል ሳይነቃነቅ፣ ያለ ጭስ፣ በጠዋት ሳይንገጫገጭ መነሳቱ ባይከለከልም ብዙ ጊዜ አይታይም። ያረጀ ክዳንና በዝግታ የሚያፈስ ፓምፕ ወይም ቱቦ ተባብረው ራዲያተሩን ጎዶሎ አድርገውት ዓባይ ላይ ደርሶ ይሆናል የሚለው ለእኔ ይበልጥ ያሳምናል። በዚህ ላይ የመጀመሪያው መካኒክ ሥራ ተጨምሯል። ቴርሞስታት ማውጣት ሞተርን ያቀዘቅዛል የሚለው እምነት በከተማችን ሥር የሰደደ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ግን ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል። ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ሲከፍት፣ በግርጌው ያለው ሳህን ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ሞተሩ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ናፍጣ ያባክናል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይግላል። አዲስ ቴርሞስታት ይገጠም፤ ከመገጠሙ በፊት በክር ታስሮ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ይንጠልጠልና ሲከፈት ይታይ። ብዙዎቹ በ76 ወይም በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምሩ ስለሆኑ እዚሁ አዲስ አበባ ውሃው ሳይፈላ ሲከፈቱ ማየት ይቻላል። ትንሿ የምትንቀሳቀስ አየር ማስወጫ ወደ ላይ ሆና ትገጠም።

ፓምፑ ከሆነ ጥፋተኛው፣ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ውሃው ይለቀቃል፣ የፋኑ መከለያ፣ ፋኑና ችንጋዎቹ ይወልቃሉ፣ ፓምፑ ይወጣል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ተሰክተው ይቀመጡ። የብሎኩ ገጽ አሮጌው ጓርኒሲዮን እስኪለቅ ድረስ ይጸዳ፤ በሲሊኮን ብዛት መተማመን ግን አይገባም፣ ትርፉ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ገብቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ይዘጋልና። ፓምፑን ከሱማሌ ተራ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የክንፎቹን ቁጥርና ጥልቀት፣ የፋኑ መቀመጫ ከገጹ ያለውን ርቀት ጎን ለጎን አድርገው ያስተያዩ። ክንፉ ከቀጭን ላሜራ የተቆረጠና በእጅ ሲዞር የሚያንገራግር ከሆነ ሣጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን ይተዉት። ያገለገለ ፓምፕ መግዛት በፍጹም አልመክርም፤ ያገለገለ ራዲያተር ግን በግፊት ውሃ ውስጥ ተነክሮ በፊትዎ ከተፈተነ ሊታሰብበት ይችላል። በዚሁ አጋጣሚ ችንጋዎቹ፣ ሁለቱ ትላልቅ የጎማ ቱቦዎችና ፋሸታዎቻቸው ከቆዩ አብረው ይቀየሩ። የፋኑም ማያያዣ ይታይ፤ ሞተሩ ግሎ ከጠፋ በኋላ ፋኑ በእጅ ሲመታ ያለ ምንም መያዝ ደጋግሞ የሚሽከረከር ከሆነ ማያያዣው ደክሟል።

የጎረቤትዎን ዱቄት በተመለከተ፣ የሚያፈስ ሰልባትዮ (የነዳጅ ጋን) እንደሚደፈንበት ሳሙና፣ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው እስከ ቅርብ ከተማ የሚያደርስ ነገር ነው። ዱቄቱ ቀዳዳውን ከራዲያተሩና ከማሞቂያው ቀጫጭን መንገዶች ለይቶ አያውቅም፤ ዳገት ላይ የሚግል ሞተር ደግሞ ያለውን የማቀዝቀዝ አቅም በከፊል እንኳ ማጣት የለበትም። ከሁሉ በላይ የግፊት ፈተናውን ውጤት ያዛባብናል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የቧንቧ ውሃ ጊዜ ያብቃ። አዲስ አበባ ውስጥ የራዲያተርን ውሃ በረዶ የሚያደርግ ብርድ ስለሌለ ኩላንት አያስፈልግም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የኩላንት ዋና ጥቅም ለእኛ ግን ዝገትን መከላከሉ፣ የፓምፑን ማኅተም መጠበቁና መፍያውን በጥቂት ዲግሪ ከፍ ማድረጉ ነው። ከፋብሪካው የሚፈቀደውን ዓይነት ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ። የተጣራ ውሃ ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠው ነው፤ ሲገዙ ግን አጠገቡ በተመሳሳይ ጀሪካን የሚቀመጠው አሲድ እንዳይሰጥዎት ይጠንቀቁ። የተለያየ ቀለምና ዓይነት ያላቸውን አይደባልቁ፤ በፊት የነበረው ውሃ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ሥርዓቱ ይታጠብ።

ሲሞላ መኪናው አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ ዳገት ላይ ይቁም፤ በካዛንቺስ አካባቢ ለዚህ የሚሆን ዳገት አያጡም። የፊትም የኋላም ማሞቂያ ወደ ሙሉ ሙቀት ይዙር፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይነሳ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የታችኛው ቱቦ እስኪሞቅ ድረስ የላይኛውን ቱቦ በየጊዜው እየጨመቁ የሚወጣውን አየር ይተኩ። ከዚያ ክዳኑ ተዘግቶ መጠባበቂያው እስከ ላይኛው መስመር ይሞላ። በሚቀጥሉት ጥቂት ጠዋቶች፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ በመጠባበቂያው ላይ በጠቋሚ ብዕር መስመር እያሰመሩ መጠኑን ይመዝግቡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መውረዱ የቀረው አየር መውጣቱ ነው፤ ከሳምንት በኋላ መስመሩ በአንድ ቦታ ከቆመ ጨርሰዋል። አሁንም የሚወርድ ከሆነ የግፊት ፈተናውን ውጤት፣ ማለትም ከስንት ተነስቶ በምን ያህል ጊዜ ስንት እንደወረደ፣ እንዲሁም የጠዋቱን የቱቦ ሁኔታ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ከዚያ ተነስተን ስለ ቴስታታው እንነጋገራለን።